ከሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ ከተቀዳ በኋላ የአተነፋፈስ ልምምድ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 41 ዓመት ነው። የሳንባ ምች ታምሜ በቀኝ ጎኔ ፈሳሽ በመቋጠሩ በቱቦ 1.5 ሊትር ያህል ተቀድቶልኛል። ቱቦው ከወጣ 10 ቀን ሆኖኛል፤ የታዘዘልኝን አንቲባዮቲክ ገና አልጨረስኩም። ትኩሳቱ ጠፍቷል፤ ነገር ግን በጥልቀት ስተነፍስ ጎኔን ይወጋኛል፣ ደረጃ ስወጣም ትንፋሽ ያጥረኛል። ሕመሙን ላለመቀስቀስ ስል ትንፋሼን ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ ነው የምተነፍሰው፤ የምተኛውም አብዛኛውን ጊዜ በሚያመኝ ጎኔ ነው። አንድ ዘመዴ የቀረው ፈሳሽ እንዲደርቅ በቀን 50 ጊዜ ፊኛ እንድነፋ መከረኝ፤ ሌላው ደግሞ ሳንባው እስኪያገግም ከአልጋ እንዳልወርድ አሳሰበኝ። ፈሳሹ ተመልሶ እንዳይቋጠር የትኛውን የአተነፋፈስ ልምምድ ልሥራ? ወደ ቀድሞ አቅሜስ መቼ እመለሳለሁ?»

የደረት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምላሽ፦

የአተነፋፈስ ልምምድ ፈሳሽ አያደርቅም፤ የተቀዳው ፈሳሽ ተመልሶ እንዳይቋጠርም አይከላከልም። ከጥያቄዎ ውስጥ አስቀድሞ መታረም ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ልምምዱን ፈሳሽ ማድረቂያ አድርጎ የወሰደ ሰው ሁለት ስሕተት ላይ ይወድቃል። አንደኛው ደረቱን እስኪያመው ድረስ ማስጨነቁ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ «ልምምዴን በሚገባ እየሠራሁ ነው» በሚል መተማመን መድኃኒቱን ማቋረጡ ወይም የክትትል ቀጠሮውን መዝለሉ ነው።

ፈሳሹ የተጠራቀመው ሳንባዎ ውስጥ አልነበረም። ሳንባን ከውጭ የሚሸፍን አንድ ስስ ሽፋን አለ፤ የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የሚያለብስ ሌላ ሽፋንም አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በጤናማ ሰው እጅግ ጠባብ ሲሆን፣ የሚይዘውም ሽፋኖቹ ሳይፋተጉ እንዲንሸራተቱ የሚያደርግ ጥቂት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ብቻ ነው። ይህ ፈሳሽ ሳያቋርጥ ይመነጫል፤ ሳያቋርጥም በደረት ግድግዳው ሽፋን ላይ ባሉ የሊምፍ ቧንቧዎች (ከአካል ትርፍ ፈሳሽ በሚሰበስቡ ስስ ቧንቧዎች) ይመጠጣል። የሳንባ ምች ሽፋኑን ሲያስቆጣው የደም ሥሮቹ ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምራሉ፣ የሚመነጨው ከሚመጠጠው ይበልጣል፣ ክፍተቱም ይሞላል። ቦታው ከአየር ቧንቧዎች ጋር ስለማይገናኝ በዚያ የቀረ ፈሳሽ በሳል አይወጣም፣ በአክታ አይተፋም፣ በትንፋሽም ተገፍቶ አይሄድም። ምንጩን የሚያደርቀው የመንስኤው ሕክምና ነው። የእርስዎ መንስኤ ኢንፌክሽን ስለሆነ ሕክምናው አንቲባዮቲኩ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይታዘዛል፣ ትኩሳቱ ስለጠፋ ብቻም አይቋረጥም። በልብ ድካም ምክንያት ለቋጠረ ሰው ሕክምናው ልብን የሚያግዙና ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ናቸው፤ በቲቢ ለቋጠረ ሰው ብዙውን ጊዜ 6 ወር የሚወሰደው የቲቢ መድኃኒት ነው፤ በካንሰር፣ በጉበት ወይም በኩላሊት ሕመም ለመጣው ደግሞ እንደየሁኔታው ሌላ መንገድ አለው። በአንዳቸውም ውስጥ የአተነፋፈስ ልምምድ የመድኃኒትን ቦታ አይተካም።

ታዲያ ልምምዱ የሚሠራው ምንድን ነው? ፈሳሹ በነበረበት ጊዜ በደረትዎ ላይ ሦስት ነገሮች ደርሰዋል። የሳንባው የታችኛው ክፍል ተጨቁኖ ብዙዎቹ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ተከድነዋል። ደረትንና ሆድን የሚለየውና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ የሆነው ድያፍራም በፈሳሹ ክብደት ወደ ታች ተገፍቶ ቅርጹን አጥቷል፤ ቅርጹን ያጣ ድያፍራም ደግሞ የቱንም ያህል ቢኮማተር አየር የመሳብ አቅሙ አነስተኛ ነው። የጎን አጥንቶችዎና በመካከላቸው ያሉት ጡንቻዎች ደግሞ ሕመም እየሸሹ ለቀናት ሳይንቀሳቀሱ በመቆየታቸው ደንድነዋል። ፈሳሹ ሲቀዳ ሸክሙ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ የተከደኑት ከረጢቶች ግን በአንድ ጊዜ አይከፈቱም፣ የደነደነው የደረት ግድግዳም በራሱ አይፈታም። ልምምዱ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው፤ ለዚህም በእርግጥ ይጠቅማል።

ብዙ ታካሚዎች 1.5 ሊትር ፈሳሽ ሲወጣ 1.5 ሊትር አየር በቦታው የሚገባ ይመስላቸውና ከተቀዱ በኋላ ትንፋሻቸው ሙሉ ሳይሆን ሲቀር ይደነግጣሉ። ፈሳሹ ሲጠራቀም የገፋው ሳንባውን ብቻ አይደለም፤ የደረትን ግድግዳ ወደ ውጭ፣ ድያፍራሙንም ወደ ታች ገፍቷል። ሲወጣም መጀመሪያ ወደ ቦታቸው የሚመለሱት እነዚህ ስለሆኑ፣ ሳንባው የሚያገኘው ተጨማሪ አየር ከወጣው ፈሳሽ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሰው በተቀዳ ማግሥት ቅልል የሚለው በአመዛኙ ድያፍራሙ ወደ ቦታው ተመልሶ እንደ ልብ መሥራት ስለጀመረ ነው። በ10ኛው ቀን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠሩ፣ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ እስከ ሆነ ድረስ፣ የሚጠበቅ ነገር እንጂ የሕክምናው መክሸፍ ምልክት አይደለም።

ስለ ውጋቱ ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ አብዛኛው ፍርሃትዎ የሚመነጨው ከዚያ ይመስለኛልና። ሳንባ ራሱና በቀጥታ የሚሸፍነው ሽፋን የውጋት ስሜት የሚያስተላልፉ ነርቮች የሏቸውም። የሚያመው የደረት ግድግዳው ሽፋን ነው፤ ይህ ሽፋን ተቆጥቶ በነበረ ጊዜ በጥልቀት መተንፈስ ሁሉ ይዘረጋዋል፣ ሲዘረጋም ይወጋል። በዚያ ላይ ቱቦው ያለፈው በጎን አጥንቶች መካከል፣ ነርቭ በሚያልፍበት አካባቢ ስለሆነ ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ለሳምንታት ሊያም፣ ሊደነዝዝ ወይም ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በጥልቅ ትንፋሽ መጨረሻ ላይ የሚሰማዎት መጠነኛ ውጋት ሳንባዎ እየተቀደደ መሆኑን አያሳይም። ሕመሙን ለማምለጥ የያዟቸው ሁለት ልማዶች ግን እውነተኛ ጉዳት አላቸው። ቆረጥ ቆረጥ ያለ ትንፋሽ የሳንባውን ታች ፈጽሞ ስለማይደርስ የተከደነው እንደ ተከደነ ይቀራል፤ በሚያምዎት ጎን መተኛትም የጎን አጥንቶቹ እንዳይከፈቱ አፍኖ ስለሚይዝ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም የዚያኑ ጎን ሥራ ያስፈታል። መፍትሔው ሕመሙን በጀግንነት መቻል አይደለም። ሐኪምዎ የፈቀደልዎትን ማስታገሻ በታዘዘልዎት መጠን፣ ዋናውን ልምምድ ከመጀመርዎ ግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ አስቀድመው ይውሰዱ። ማስታገሻ መውሰድን እንደ ድክመት የሚቆጥሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በዚህ ሕመም ግን ማስታገሻው ራሱ የማገገሚያው አካል ነው፤ ሳይታመም የሚተነፍስ ሰው በጥልቀት ይተነፍሳልና።

ፊኛውን ይተዉት። የተከደነ የአየር ከረጢት የሚከፈተው ቀስ ብሎ በሚገባ ጥልቅ አየር እንጂ በኃይል በሚወጣ አየር አይደለም። ፊኛ ሲነፉ በደረትና በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ የሚያመው ጎን በጡንቻ ይጨመቃል፣ ሳንባውም እየጠበበ ይሄዳል። ሰዎች ፊኛ ነፍተው «ቀለለኝ» የሚሉበት ጊዜ ቢኖር፣ የረዳቸው ከመንፋታቸው በፊት በረጅሙ የሳቡት አየር ነው፤ ያንን ያለ ፊኛ፣ ያለ ሕመምም ማግኘት ይቻላል። በቀን 50 ጊዜ መንፋት ራስ ከማዞርና ጎን ከማሳመም በቀር የሚጨምርልዎት ነገር የለም። በሐኪም ቤት የሚሰጠው፣ አየር ሲስቡበት ውስጡ ያለው ኳስ የሚነሳው መሣሪያ በመርሕ ደረጃ ከፊኛ ይሻላል፤ የሚለማመዱበት ወደ ውስጥ መሳብን ነውና። ቢሆንም በትክክል ከተሠራ ጥልቅ ትንፋሽ እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም። ካለዎት ይጠቀሙበት፣ ከሌለዎት ለመግዛት አይቸገሩ፤ በተለይም ኳሱን በአንዴ ለማስፈንጠር በድንገት አይሳቡበት፤ ጥቅሙ ከኳሱ ከፍታ ሳይሆን ከአሳሳቡ ዝግታ ነው።

ከአልጋ አትውረድ የሚለው ምክር ከፊኛውም ይልቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ፊኛ መንፋት ለብዙዎች ከንቱ ድካም ሲሆን ረጅም ጊዜ መተኛት ግን ጉዳት ነው። ሰው በጀርባው ሲተኛ ሆድ ድያፍራሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በመሆኑም ጤናማ ሰው እንኳ ሲተኛ በሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር ይቀንሳል። በኢንፌክሽን ተዳክሞ የከረመ ሰው ደግሞ ሲተኛ የእግሩ ጡንቻ በፍጥነት ይመነምናል፣ በእግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋም ይጨምራል። ከሐኪም የተለየ ክልከላ እስካልተሰጠዎት ድረስ ቀኑን ቁጭ ብለው፣ ቆመውና ተንቀሳቅሰው ያሳልፉ።

ወደ ልምምዱ እንግባ። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ሁለቱም እግሮችዎ መሬት ይንኩ፣ ትከሻዎችዎን ዘና ያድርጉ። የግራ እጅዎን መዳፍ በደረትዎ ላይ አሻግረው ከቀኝ ብብትዎ በታች ባሉት የታችኛው የጎን አጥንቶች ላይ ያሳርፉ፤ የቱቦው ቁስል እዚያው ከሆነ ቁስሉን ሳይነኩ ትንሽ ወደ ፊት ያድርጉት። በመጀመሪያ አየሩን ያለ ኃይል ያስወጡ። ከዚያ በአፍንጫዎ በጣም ቀስ ብለው፣ 3 ወይም 4 ሰከንድ በሚያህል ጊዜ፣ አየር ይሳቡ፤ ሐሳብዎ ሁሉ መዳፍዎን በጎን አጥንቶችዎ ወደ ውጭ መግፋት ላይ ይሁን። ሕመሙ መያዝ የሚጀምርበት ቦታ ሲደርሱ አይሽሹ፣ በግድ አልፈው ለመሄድም አይታገሉ፤ እዚያው ላይ ትንፋሽዎን ለ3 ሰከንድ ያቆዩ። ከቻሉ ከማስወጣትዎ በፊት በአፍንጫዎ አንዲት አጭር ጭማሪ አየር ይሳቡ። ከዚያም አየሩ በአፍዎ ሳይገፋ በራሱ እንዲወጣ ይተዉት። ይህን 3 ወይም 4 ጊዜ ከሠሩ በኋላ ለግማሽ ደቂቃ እንደ ወትሮው ይተንፍሱ፤ ከዚያ ዙሩን ሁለት ጊዜ ይድገሙት።

ያቺ 3 ሰከንድ ተራ ነገር አይደለችም። አየር በሳንባ ውስጥ የሚሄደው በቀለለው መንገድ ስለሆነ፣ በፍጥነት ሲሳብ ክፍት የሆኑትን ከረጢቶች ይሞላና ይመለሳል፤ የተከደኑት ሳይደርሳቸው ይቀራል። በጎረቤት የአየር ከረጢቶች መካከል ግን እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ትንፋሽ ተስቦ ሲቆይ አየሩ ከተሞሉት ከረጢቶች በእነዚህ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ተከደኑት ለመሻገር ጊዜ ያገኛል፤ የተከፈቱትም በዙሪያቸው ያሉትን በመለጠጥ ለመክፈት ያግዛሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ቸኩሎ 20 ጊዜ ከሚተነፍስ ዘግይቶና አቆይቶ 4 ጊዜ ቢተነፍስ ይጠቀማል። ስታቆዩ ግን ጉሮሮን ዘግቶ ማማጥ አይገባም፤ ደረቱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ብቻ ነው የሚፈለገው።

ታካሚዎች ልምምዱን ሲሠሩ ሳይ አብዛኞቹ የሚስቱት አንድ ነገር ነው፤ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይነሳል፣ አንገታቸው ይወጠራል፣ የጎን አጥንቶቻቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። ይህ የሳንባውን ላይኛ ክፍል ብቻ ይሞላል፤ ፈሳሽ የተጫነው ግን ታችኛውን ነው። መስታወት ፊት ተቀምጠው ይሥሩት። ትከሻዎ ከተነሳ የሚስቡትን አየር ይቀንሱ፤ መዳፍዎ ሥር የሚሰማዎት እንቅስቃሴ ከግራ ጎንዎ ያነሰ ከሆነም አይደንግጡ፤ ለማመጣጠን የምንሠራው ያንን ልዩነት ነው። ራስዎን ካዞረዎት ወይም ጣቶችዎን ከነዘረዎት ከመጠን በላይ ፈጥነዋል፤ ቆም ብለው ይረፉ። ሙሉውን ዙር በቀን አንድ ጊዜ ጠዋት ሠርቶ ከመተው ይልቅ፣ ነቅተው ባሉበት ጊዜ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መሥራት እጅግ የተሻለ ነው፤ የተከፈተ ከረጢት ዳግም ወደ አጭር ትንፋሽ ከተመለሱ ቶሎ ይከደናልና።

ከዚህ በተጨማሪ በቀን ሁለት ጊዜ በግራ ጎንዎ ይተኙ፤ ከግራ ደረትዎ ሥር ትንሽ ትራስ ያድርጉ፣ ቀኝ ክንድዎን ከራስዎ በላይ ይዘርጉ፣ በዚያ አኳኋን ከላይ የገለጽኩትን ትንፋሽ 5 ወይም 6 ጊዜ ይሥሩ። የታመመው ጎን ወደ ላይ ሲሆን የጎን አጥንቶቹ ከክብደት ነጻ ይሆናሉ፣ የተዘረጋው ክንድም በመካከላቸው ያለውን ይከፍታል። ሌሊት እንቅልፍ የሚወስድዎት በቀኝ ጎን ብቻ ከሆነ ለዚያ ብለው እንቅልፍ አይጡ፤ ቀን ላይ ግን በዚያ ጎን አይተኙ። ቆመው መስታወት ሲመለከቱ ደግሞ ቀኝ ትከሻዎ ዝቅ ብሎ ወገብዎ ወደዚያው ጎበጥ ያለ መሆኑን ሊያዩ ይችላሉ፤ ሕመም የሚሸሽ አካል እንዲህ ይሆናል። ቀጥ ብለው ቆመው አየር እየሳቡ ቀኝ ክንድዎን በጎን በኩል ወደ ላይ ያንሱ፣ እያስወጡ ያውርዱ፤ ቁስሉ ከዳነና ስፌቱ ከወጣ በኋላ ይህን በቀን ጥቂት ጊዜ መሥራት የትከሻ መድረቅንም ይከላከላል።

ከሳንባ ምቹ የቀረ አክታ ካለዎት፣ ትራስ በቀኝ ጎንዎ ላይ በክንድዎ አጥብቀው ይዘው፣ መካከለኛ አየር ስበው፣ መስታወት ላይ እንፋሎት እንደሚያሳርፍ ሰው አፍዎን ከፍተው «ሃ» በማለት አየሩን ያስወጡ፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረጉ በኋላ አንድ ጊዜ ይሳሉ። አክታ ከሌለዎት ይህን መሥራት አያስፈልግዎትም። ጀርባን በእጅ መደብደብም እንደዚሁ ነው፤ በሽፋኖቹ መካከል ያለን ፈሳሽ አያንቀሳቅስም፣ በቁስሉ አካባቢ ሲሆን ደግሞ ያሳምማል።

ከሁሉም ይልቅ የምመክረው ግን መራመድን ነው። የሚራመድ ሰው ሳያስበው በጥልቀት ይተነፍሳል፣ ድያፍራሙ በሙሉ ስፋቱ ይሠራል፣ የደከመው ጡንቻም ይበረታል፤ ቁጭ ብሎ የሚሠራ የትኛውም ልምምድ ይህን ሁሉ በአንድ ላይ አይሰጥም። በእርስዎ ደረጃ ሜዳ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይጀምሩ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። መጠኑን በሰዓት ሳይሆን በትንፋሽዎ ይለኩት፤ ዜሮ ምንም የትንፋሽ ማጠር የሌለበት፣ 10 ደግሞ ሊቋቋሙት የማይችሉት ቢሆን፣ 3 ወይም 4 ላይ መቆየት ነው የሚፈለገው። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልኩ ነው፤ ንግግርዎ በየቃሉ ከተቆራረጠ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ደረጃ ሲወጡ እግርዎን በሚያነሱበት ጊዜ አየር ያስወጡ፣ ትንፋሽዎን ይዘው አይውጡ፣ በየጥቂት ደረጃው ቆም ይበሉ። ማግሥቱን ከወትሮው በበለጠ ተዳክመው ከዋሉ ትናንት አብዝተዋል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይመለሱ እንጂ ጨርሰው አያቁሙ።

የልምምዱ ወሰን የት ላይ እንደሆነም ማወቅ አለብዎት። ኢንፌክሽን ያለበት ፈሳሽ አንዳንድ ጊዜ ይወፍርና በመካከሉ ክር የመሰሉ ግርዶሾች ፈጥሮ በኪስ በኪስ ይከፋፈላል፣ ወይም ወደ መግልነት ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ኪስ ትንፋሽ አይሰብረውም፤ በአልትራሳውንድ ታይቶ ዳግም መቀዳት፣ በቱቦው በኩል ግርዶሹን የሚያሟሟ መድኃኒት መስጠት ወይም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ ሳንባውን የሚሸፍነው ሽፋን ወፍሮና ደርቆ ሳንባው እንዳይዘረጋ ያስረዋል፤ ይህም በልምምድ ብዛት የሚፈታ አይደለም። በካንሰር ምክንያት ፈሳሹ በተደጋጋሚ ለሚቋጠርባቸው ሰዎች ሁለቱን ሽፋኖች በመድኃኒት የማጣበቅ ወይም በቤት የሚቀዳበት ቋሚ ቱቦ የማስገባት አማራጮች አሉ። ይህን የምለው ልምምዱን በታማኝነት እየሠሩ ፈሳሹ የተመለሰባቸው ሰዎች «በደንብ ስላልተነፈስኩ ነው» ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለማይ ነው፤ ያ ወቀሳ ፍጹም መሠረት የለውም።

ይህን ምላሽ የሚያነቡና ገና የተቀዱ፣ ወይም ቱቦው ገና ያልወጣላቸው ሰዎች ደግሞ እኔ ለዚህ ጠያቂ የሰጠሁትን መጠን እንዳለ መውሰድ የለባቸውም። ለብዙ ጊዜ ተጨቁኖ የነበረ ሳንባ በፍጥነት ሲዘረጋ ራሱ ፈሳሽ ሊያዝል ይችላል፤ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር በላይ ላለመቅዳት የሚጠነቀቁት በዚህ ምክንያት ነው። ከተቀዱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን የማያቋርጥ ሳል፣ አረፋማ አክታ ወይም እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ልምምድ የሚሠራበት ሳይሆን ሕክምና የሚጠራበት ጊዜ ነው። ቱቦ ያለበት ሰው ፈሳሹ የሚወርድበትን ጠርሙስ ከደረቱ በታች አድርጎ ይራመድ፤ ቱቦውን ራሱ አይቆልፍ። ከሳንባው አየር የሚያመልጥበት፣ የጎን አጥንቱ የተሰበረ፣ ደም የሚተፋ ወይም የልብ ሕመሙ ያልተረጋጋ ሰው ከሐኪሙ ፈቃድ ሳያገኝ ልምምድ አይጀምር።

ለእርስዎ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። አንቲባዮቲክዎን እስከ መጨረሻው ይውሰዱ፤ ፊኛውን ይተዉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማስታገሻዎን በታዘዘልዎት መጠን ብቻ እየወሰዱ ዘገምተኛውን ትንፋሽ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ይሥሩ፤ በቀን ሁለት ጊዜ በግራ ጎንዎ ተኝተው ይድገሙት፤ በየቀኑም ይራመዱ። የሚያጨሱ ከሆነ አሁኑኑ ያቁሙ። ከባድ ዕቃ ማንሳትንና ትንፋሽ ይዞ መግፋትን ቁስሉ እስኪድንና ሐኪምዎ እስኪፈቅድ ይተዉ። በአውሮፕላን ከመጓዝዎ በፊት በደረትዎ ውስጥ ያመለጠ አየር አለመኖሩ በራጅ መታየት አለበት፤ በተጨመቀ አየር ጋን ውኃ ውስጥ መጥለቅን ግን ያለ ልዩ ምርመራ ፈጽሞ አያስቡት።

ትኩሳት ከተመለሰ፣ የትንፋሽ ማጠሩ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ፣ ጋደም ማለት ካቃተዎት፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ ወይም በቁስሉ ዙሪያ ቆዳው ሲነካ ንጥር ንጥር ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያኑ ቀን ይታዩ። ድንገተኛ ከባድ ውጋት ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ ደም መትፋት ወይም የከንፈር መጥቆር ከመጣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ካለዎት፣ ሌላ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ለሌለበት ሰው በዕረፍት ላይ እያሉ ከ92 በመቶ በታች መውረዱ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው።

መቼ ወደ ቀድሞ አቅሜ እመለሳለሁ ላሉት፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ውጋቱ በሳምንታት ውስጥ እየላላ ይሄዳል፣ የመራመድ አቅሙም በ2 ወር ገደማ ጉልህ በሆነ መንገድ ይሻሻላል፤ ሙሉ ብርታት ግን ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ራጁ ከስሜትዎ ወደ ኋላ እንደሚቀር ይወቁ፤ ሰውዬው ድኖ እየተራመደ ሽፋኑ ላይ የቀረ ጥላ ለወራት ሊታይ ይችላል፣ እሱም ብዙ ጊዜ እየሳሳ ይሄዳል። የክትትል ራጅ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይነሳል፤ ሲነሱ ሐኪምዎን ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ የቀረ ፈሳሽ አለ ወይ፣ ሳንባው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቷል ወይ፣ ድያፍራሙ በሁለቱም ጎን እኩል ይንቀሳቀሳል ወይ። በዚያ ጊዜ ልምምዱን ሳያጓድሉ ሠርተው የትንፋሽ ማጠሩ ካልቀነሰ፣ ተጨማሪ ልምምድ በራስዎ አይጨምሩ፤ የደረት አልትራሳውንድና የትንፋሽ አቅም ምርመራ እንዲደረግልዎት ይጠይቁ፣ ውጤቱንም ይዘው በደረት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በአካል ይታዩ።